ለኦንላይን አርፒጂ ጨዋታዎች የኪፓድና የማውዝ አደራደር

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በተባለው የኦንላይን ጨዋታ ላይ ደረጃው ከፍ ያለ ካራክተር ከ20 በላይ ስኪል (በቁልፍ የሚተኮስ ችሎታ) መያዙ የተለመደ ነው። ግራ እጅ «ደብልዩ»፣ «ኤ»፣ «ኤስ»፣ «ዲ» ላይ ሆኖ እያራመደ ሳለ ቁጥር 8ን ለመንካት ጣት ከተነሳ ካራክተሩ ይቆማል። ቀኝ እጅ ደግሞ በማውዙ ቀስት ስኪል ለመጫን ወደ ስክሪኑ ግርጌ ከወረደ ካሜራውን የሚያዞር እጅ አይቀርም። ብዙ ተጫዋች «እጄ ዘገምተኛ ነው» ብሎ የሚያማርረው ለዚህ ነው፤ የዘገየው ግን እጁ ሳይሆን የቁልፎቹ አቀማመጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው አደራደር የሚከተለው አንድ መመሪያ አለ፦ ግራ እጅ ከመራመጃው አይነሳም፣ ቀኝ እጅ ካሜራውን አይለቅም፣ ስኪሎቹ ግን ሁሉም ከጣት ሥር ይሆናሉ። ዝርዝሩን በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እናሳያለን፤ ጊልድ ዋርስ 2ን እና ፋይናል ፋንታሲ 14ን ለሚጫወቱ የሚለየውን ወደ መጨረሻ እንጠቅሳለን።

ዕቃው

ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው በአውራ ጣት በኩል 12 ቁልፍ ያለው ማውዝ ነው፤ ሬዘር ናጋ፣ ሎጊቴክ ጂ600 እና ኮርሴር ሲሚታር በዚህ የታወቁ ናቸው፤ ዋጋው ቀለል ያለ ከተፈለገ ሬድራገን ኤም908 አለ። ሁለተኛው ለግራ እጅ ብቻ የተሠራ ኪፓድ ነው። የሬዘር ታርታረስ ቪ2 ፕሮግራም የሚደረጉ 32 ቁልፎች፣ መዳፍ የሚያሳርፍ መደገፊያና በአውራ ጣት የሚገፋ ባለ 8 አቅጣጫ መቆጣጠሪያ አለው። ሎጊቴክ ጂ13 መመረቱ ቢያበቃም ያገለገለ ይገኛል፤ ከመግዛትዎ በፊት ጆይስቲኩን በሁሉም አቅጣጫ እያዞሩ መሞከርዎን አይርሱ።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት የሚችሉ ከሆነ ማውዙን ያስቀድሙ። መደበኛው ኪቦርድ የኪፓዱን ሥራ አብዛኛውን ይሸፍናል፤ ባለ 12 ቁልፉን ማውዝ ግን የሚተካው የለም።

የተለመደው ባለ 2 የጎን ቁልፍ ማውዝ ብቻ ላላቸውም መላ አለ። ሁለቱን የጎን ቁልፎች ስኪል አያድርጓቸው፤ አንዱን ሺፍት፣ ሌላውን ኮንትሮል ያድርጓቸው። በግራ እጅ ትንሿ ጣት ሺፍትን እየያዙ በሌላ ጣት ቁጥር 3ን መጫን እጅ ያጣምማል፤ ሺፍት ወደ ቀኝ አውራ ጣት ሲሄድ ግን ግራ እጅ ሳይንቀሳቀስ የቁልፉ ብዛት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ማውዙ የራሱ ሶፍትዌር ከሌለው ኤክስ-ማውዝ በተን ኮንትሮል የተባለው ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም ይህን ይሠራል።

ጨዋታው ከመከፈቱ በፊት

ዊንዶውስ ራሱ ካልተስተካከለ የሚቀጥለው ድካም ሁሉ መሀል ጦርነት ላይ ይፈርሳል። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፤ ከእሱ እንጀምር።

ኮምፒውተርዎ ላይ እንግሊዝኛና አማርኛ ኪቦርድ አብረው ከተጫኑ የግራ አልትና ሺፍት አንድ ላይ ሲነኩ ዊንዶውስ ቋንቋ ይቀይራል። ጨዋታ ውስጥ ሁለቱን በተደጋጋሚ ስለሚነኩ፣ ሳያውቁት ኪቦርዱ ወደ አማርኛ ይዞርና የፊደል ቁልፎቹ ስኪል መተኮሳቸውን ያቆማሉ። ቁጥሮቹና ማውዙ ግን ሊሠሩ ስለሚችሉ ችግሩ የኢንተርኔት ወይም የጨዋታው ይመስላል። መፍትሔው በሴቲንግስ ውስጥ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ላይ የሰዓትና ቋንቋ ክፍልን፣ ከዚያ ታይፒንግን፣ ከዚያ አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስን ይክፈቱ። «ኢንፑት ላንጉዌጅ ሆት ኪስ» የሚለውን ሲጫኑ በሚመጣው ትንሽ መስኮት የቁልፍ ቅንብሩን ወደ «ኖት አሳይንድ» ይቀይሩ። እዚያው ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ መስኮት የተለየ የጽሑፍ ቋንቋ እንዲያዝ የሚያደርግ ምልክት አለ፤ እሱንም ያብሩት፣ ጨዋታው ሁልጊዜ እንግሊዝኛ ላይ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ቋንቋ ለመቀየር የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ይበቃሉ። ኪማን ወይም ፓወር ግዕዝ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከጨዋታው በፊት ፕሮግራሙን ከታች በስተቀኝ ካለው ምልክቱ ላይ ጨርሰው ይዝጉት።

ሁለተኛው ስቲኪ ኪስ ነው። ሺፍትን 5 ጊዜ ደጋግሞ መጫን ዊንዶውስ መጠየቂያ መስኮት እንዲያወጣ ያደርገዋል፤ ጨዋታው ይደበቃል፣ ካራክተሩ ቆሞ ይደበደባል። በአክሰሲቢሊቲ ውስጥ ኪቦርድ የሚለውን ገብተው ስቲኪ ኪስን ብቻ ሳይሆን በአቋራጭ ቁልፍ የሚከፈትበትን መንገድም ያጥፉ። ፊልተር ኪስም እዚያው አለ፤ ቀኝ ሺፍትን 8 ሰከንድ ያህል ይዞ መቆየት ያስነሳዋል።

ማውዙን በተመለከተ «ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን» የሚለውን ምልክት ያንሱ። ይህ ሲበራ እጅ ሲፈጥን ቀስቱ ከእጅ በላይ ይፈጥናል፤ እጅም ምን ያህል ሲገፋ ካሜራው ምን ያህል እንደሚዞር መልመድ ያቅተዋል። ዲፒአዩን (ማውዙ ለእጅ እንቅስቃሴ ያለውን ስሜት) 800 ወይም 1600 ላይ ያድርጉና የቀረውን በጨዋታው ውስጥ ባለው የካሜራ ፍጥነት ያስተካክሉ። ጥሩው ልክ እጅን ከጠረጴዛ ሳያነሱ አንድ ጊዜ በመግፋት ካራክተሩን ወደ ኋላ ማዞር መቻል ነው። የማውዙ ፖሊንግ ሬት (በሰከንድ ስንት ጊዜ ለኮምፒውተሩ መልእክት እንደሚልክ) 1000 ኸርዝ መሆን ይችላል፤ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጨዋታው ማውዝ ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚንገጫገጭ ከሆነ ወደ 500 ዝቅ ያድርጉት።

ማውዙንም ኪፓዱንም በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩ። የራሱ የኤሌክትሪክ ምንጭ የሌለው ርካሽ የዩኤስቢ ማከፋፈያ መብራት ያላቸውን ሁለት ዕቃዎች አብሮ መሸከም ሲያቅተው ኪፓዱ ለአፍታ ጠፍቶ ይመለሳል፤ የዚያን ጊዜ ተይዞ የነበረው ቁልፍ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል።

መራመጃው

ጨዋታው ሲጫን «ኤ» እና «ዲ» ካራክተሩን ባለበት ያዞሩታል፤ «ኪው» እና «ኢ» ደግሞ ወደ ጎን ያራምዱታል። ይህ መገልበጥ አለበት። ምክንያቱ ቁጥር ነው፦ በቁልፍ መዞር በሰከንድ 180 ዲግሪ ነው፣ ስለዚህ ፊትን ወደ ኋላ ለማዞር አንድ ሙሉ ሰከንድ ይበላል። በማውዝ ቀኝ ቁልፍ ይዞ ማዞር ግን እጅ በገፋበት ፍጥነት ያልቃል። መዞርን ለማውዝ ከተዉት «ኤ» እና «ዲ» ለጎን እርምጃ ይሆናሉ፣ «ኪው» እና «ኢ»ን የመሰሉ ሁለት ምርጥ ቁልፎችም ለስኪል ይተርፋሉ።

ኤስኬፕን ተጭነው ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ኪባይንዲንግስ (የቁልፎች ምደባ)፣ ከዚያ የመራመጃውን ክፍል ይክፈቱ። «ስትሬፍ ሌፍት» የሚለውን ተጭነው «ኤ»ን ይንኩ፣ «ስትሬፍ ራይት»ን ተጭነው «ዲ»ን ይንኩ። ጨዋታው ቁልፉ ከሌላ ሥራ እንደተነሳ ይነግርዎታል፤ የሚፈለገውም ያ ነው።

ስለ «ኤስ» አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ካራክተር ወደ ፊትም ወደ ጎንም በሰከንድ 7 ያርድ ሲሮጥ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ 4.5 ያርድ ብቻ ነው። መሬት ላይ እሳት ወድቆ «ኤስ»ን የሚይዝ ሰው ከእሳቱ ሳይወጣ ይሞታል። ማውዙን አዙሮ ወደ ፊት መሮጥ ወይም በጎን መውጣት ይሻላል። ታንክ (የጠላትን ምት ለቡድኑ የሚቀበለውን) የሚጫወቱ ሰዎች ጠላትን ፊት ለፊት እያዩ ትንሽ ለመሳብ ስለሚጠቀሙበት እነሱ እንዳለ ይተዉት፤ ሌላው ሰው ግን ልማዱ እስኪለቀው ድረስ «ኤስ»ን ባዶ ቢያደርገው እንመክራለን።

ታርታረስ ያላቸው 08ን ወደ ፊት፣ 12 እና 14ን ወደ ጎን፣ 13ን ወደ ኋላ ያድርጉ። መሀል ጣት 08 እና 13ን፣ ጠቋሚው 14ን፣ የቀለበት ጣት 12ን ይዛ ትቀመጣለች። ባለ 8 አቅጣጫው የአውራ ጣት መቆጣጠሪያ ለመራመድ የተሠራ ይመስላል፣ ብዙዎችም እንዲሁ ይጀምራሉ፤ እኛ ግን አንመክረውም። አንድ አውራ ጣት ለሰዓታት ሲገፋ ይደክማል፣ በሰያፍ ሲገፋም የትኛው አቅጣጫ እንደተያዘ በትክክል አይታወቅም። ይልቅ ወደ ላይ መግፋቱን ሺፍት፣ ወደ ታች መግፋቱን ኮንትሮል፣ ወደ ፊት መግፋቱን ያለማቋረጥ መሮጫ፣ ወደ ኋላ መግፋቱን ፈረስ መጥሪያ ያድርጉት። ሶፍትዌሩ የሚፈቅድ ከሆነ 8ቱን አቅጣጫ ወደ 4 ያጥቡት፤ ያለዚያ ሺፍት ሲፈልጉ ፈረሱ ይመጣል። መዝለያው በአውራ ጣት አጠገብ ባለው ትልቅ ቁልፍ ላይ ይቆይ።

12ቱ የአውራ ጣት ቁልፎች

አብዛኞቹ እነዚህ ማውዞች ሲገዙ ከ1 እስከ 0 ያሉትን ቁጥሮች፣ ከዚያም የመቀነስና የእኩል ምልክትን ይልካሉ፤ በድምሩ 12። እንዲያው ይተዉዋቸው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ማውዙን በኪቦርድ ቀኝ ዳር ወዳሉት የቁጥር ቁልፎች ይቀይሩና መጀመሪያ ላይ በደንብ ይሠራል፤ ሺፍት ሲጨመር ግን ይበላሻል። ኑምሎክ በርቶ ሳለ ሺፍትን ይዘው የዳሩን 1 ሲጫኑ ዊንዶውስ ሺፍቱን ይነጥቅና «ኤንድ» የሚለውን ቁልፍ ይልካል። ጨዋታው «ሺፍትና 1» የሚል ነገር ፈጽሞ አይደርሰውም። በርካሽ የሚሸጠውን የዩኤስቢ የቁጥር ኪቦርድ ለግራ እጅ ኪፓድ ያደረጉ ሰዎችም ይኸው ያጋጥማቸዋል፤ እነሱ ሺፍትን ትተው ኮንትሮልን ይጠቀሙ።

ማውዙ ከላይ ያለውን የቁጥር ረድፍ ስለያዘ የኪፓዱ የላይኛው ረድፍ ያንኑ መላክ የለበትም። ታርታረስ ላይ ከ01 እስከ 05 ያሉትን ኪቦርዱ ላይ ሩቅ ወዳሉት ፊደሎች ይቀይሯቸው፦ «ዋይ»፣ «ዩ»፣ «ኤች»፣ «ጄ»፣ «ኤን»። ኪፓድ ላይ ፊደሉ የትም ቢሆን ልዩነት የለውም፤ ዋናው ከማንም ጋር አለመጋጨቱ ነው።

አሁን ወደ ጨዋታው ይመለሱና መጀመሪያ የሚያጠፉትን ያጥፉ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ላይ ሺፍት ከ1 እስከ 6 ካሉት ቁጥሮች ጋር የስኪል ረድፉን ገጽ ይገለብጣል። ይህን ሳያጠፉ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ውጊያ ስኪሎቹ በሙሉ ከስክሪን ይጠፉበታል። ሺፍትና የማውዙ ጎማም እንዲሁ ያደርጋሉ። ኮንትሮልና «ኤስ» ድምፁን ያጠፋል፣ ኮንትሮልና «ኤም» ሙዚቃውን፣ አልትና «ዜድ» ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ይደብቃል፤ ይህ ከደረሰብዎ አልትና «ዜድ»ን እንደገና መጫን ይመልሰዋል። እነዚህን አንድ በአንድ ከኪባይንዲንግስ ውስጥ ፈልገው ያንሱ።

ቀጥሎ ያለውን በቅደም ተከተል ይሥሩ፦

1. በኦፕሽንስ ውስጥ የአክሽን ባርስን (የስኪል ረድፎችን) ገጽ ከፍተው 2ኛውንና 3ኛውን ረድፍ ያብሩ።
2. ኤዲት ሞድን ከፍተው ሦስቱንም ረድፎች 12 ቁልፍ፣ የረድፋቸውን ብዛት 4 ያድርጉ። እያንዳንዱ 3 በ4 የሆነ ሳጥን ይሆናል፤ ይህም የማውዙ ጎን ካለው ቅርጽ ጋር አንድ ነው። ዓይን ስክሪኑ ላይ ያየውን አውራ ጣት ያለ ትርጉም ያገኘዋል።
3. ሦስቱን ሳጥኖች ጎን ለጎን ከካራክተሩ በታች ያስቀምጡ። የመጀመሪያው ያለ ምንም ነገር፣ ሁለተኛው በሺፍት፣ ሦስተኛው በኮንትሮል የሚጫን ነው። 36 ስኪል ያለ አልት ይገባል።
4. ኪባይንዲንግስ ውስጥ «ኩዊክ ኪባይንድ ሞድ» የሚለውን ይጫኑ። ቀስቱን በስኪሉ ቦታ ላይ አድርገው ቁልፉን ከማውዙ ወይም ከኪፓዱ ይንኩ። ሺፍት ያለበት ከሆነ ሺፍቱን አስቀድመው ይያዙ።
5. ሲጨርሱ ማጽደቂያውን ተጭነው ይውጡ፤ በኤስኬፕ ከወጡ ለውጡ ሊጠፋ ይችላል።

አልትን ለስኪል ባይጠቀሙበት ይሻላል። በዚህ ጨዋታ አልት ከስኪል ጋር ሲያዝ ስኪሉን ወደ ራስ የሚመልስ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ለፈዋሽ ጥቅሙ ብዙ ነው። አልትና ኤፍ4ም መስኮቱን ይዘጋል።

የቱ ስኪል የት?

አብዛኛው ሰው ስኪሎቹን በተማራቸው ቅደም ተከተል ይደረድራል፣ በዚህም በ1ኛ ደረጃ የተማረው ድንጋይ ውርወራ ምርጡን ቁልፍ ይዞ ይኖራል። መለኪያው ሌላ ነው፦ ስኪሉ በምን ያህል ሰዓት ውስጥ መተኮስ አለበት?

በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ካልተተኮሱ ዋጋ የሌላቸው ስኪሎች አሉ፤ የጠላትን ስኪል ሳይተኮስ የሚያቋርጠው ዋነኛው ነው። እነዚህ በፍጹም ሺፍት ወይም ኮንትሮል አይያዝባቸውም። ፓላዲን ከሆኑ «ሪቡክ»ን «ኪው» ላይ፣ የሚያደነዝዘውን «ሀመር ኦፍ ጀስቲስ» «ኢ» ላይ ያድርጉ፤ ሁለቱም ከመራመጃው ቁልፎች ጋር ስለሚጎራበቱ ጣት አይፈልጋቸውም። ሕይወት የሚያድነው «ዲቫይን ሺልድ» ብቻውን ራቅ ያለ ግን የማይሳት ቦታ ይፈልጋል፤ ለምሳሌ የማውዙን ጎማ ወደ ታች መጫን። ጠላትን ለመምታት ሲሉ በስህተት የሚነኩት ቦታ ላይ ካለ ለ5 ደቂቃ ያህል የማይመለስ ነገር አባከኑ ማለት ነው።

በየ1.5 ሰከንዱ የሚደጋገሙት የማጥቂያ ስኪሎች ለአውራ ጣት ይሁኑ። ግን 12ቱም ቁልፎች እኩል አይደሉም። መሀል ያሉት ሁለት ረድፎች ጣት ሲያርፍ የሚገናኛቸው ናቸው፤ ከፊት ያለው ረድፍ ጣት ሲዘረጋ ይደረሳል፤ ወደ መዳፍ የቀረበው የመጨረሻው ረድፍ አውራ ጣትን ወደ ኋላ ያጥፋል። ስለዚህ ብዙ የሚነካው ከ4 እስከ 9 ባለው ውስጥ፣ ከ10 እስከ 12 ያለው ለምግብ፣ ለፈረስና ከውጊያ ውጭ ለሚጠሩ ነገሮች ይሁን። ቁልፎቹ በመነካካት የማይለዩ ከሆነ 5 ላይ አንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም ጣል ያድርጉና ይድረቅ፤ ጣት መነሻዋን ታገኛለች።

በሺፍት የሚመጣው ስኪል ያለ ሺፍት ከሚመጣው ጋር ዘመድ ይሁን። 4 ላይ ታርጌትን (የመረጡትን ሰው) መፈወሻ ካለ ሺፍትና 4 ትልቁ ፈውስ ይሁን፣ ለፓላዲን «ሌይ ኦን ሃንድስ»። አእምሮ 36 ቦታ ከሚያስታውስ 12 ቦታና ሁለት ደንብ ቢያስታውስ ይቀለዋል። በዚሁ ሐሳብ ብዙ ካራክተር ያለው ሰው ማቋረጫውን፣ መከላከያውንና ማምለጫውን በሁሉም ካራክተር ላይ አንድ ቦታ ያድርግ። የቀረው ሊለያይ ይችላል፤ ድንጋጤ ውስጥ የሚፈለጉት ሦስቱ ግን አይለዋወጡ።

ፈዋሾች አንድ ተጨማሪ ነገር ያብሩ። በኦፕሽንስ የውጊያ ገጽ ላይ «ማውዝኦቨር ካስት» አለ። ሲበራ የተጎዳውን ጓደኛ በክሊክ መምረጥ ይቀራል፤ ቀስቱን ስሙ ላይ አድርጎ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው። ጠላት ላይ የያዙት ታርጌትም አይጠፋም። ቡድኑ 20 ሰው ሲሆን የሚቆጥበው ጊዜ እጅግ ብዙ ነው።

ስለ ማክሮ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። የማውዞቹ ሶፍትዌር አንድ ቁልፍ ሲነካ አምስት ስኪል በየተራ እንዲተኮስ ማድረግ ይችላል፤ የሚችለው ሁሉ ግን አይፈቀድም። የወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ሠሪ ብሊዛርድም የጊልድ ዋርስ 2 ሠሪ አሪናኔትም የሚቀበሉት አንድ ንኪ አንድ ተግባር ሲሆን ነው። ቁልፍን ወደ ሌላ ቁልፍ መቀየር ችግር የለውም፤ በሰዓት የሚቆጠር ማክሮ ግን አካውንት ያዘጋል።

ሌሎቹ ሁለት ጨዋታዎች

ጊልድ ዋርስ 2 ቀለል ይላል። የመሣሪያው ስኪሎች ከ1 እስከ 5፣ ፈውሱ 6፣ ረዳቶቹ ከ7 እስከ 9፣ ትልቁ ስኪል 0 ነው፤ የሙያው ደግሞ ከኤፍ1 ጀምሮ ይቀጥላል። ከ1 እስከ 5 ያሉትን በኪፓዱ፣ ከ6 እስከ 0 ያሉትን በማውዙ አውራ ጣት ቢይዙ ሺፍት እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። ማምለጫ ጥቅልሉ «ቪ» ላይ ነው የሚመጣው፤ ወደ ኪፓዱ አውራ ጣት ያምጡት። የመራመጃ ቁልፍን ሁለት ጊዜ በመንካት የሚመጣውን ጥቅልል ከኦፕሽን ያጥፉት፤ ገደል አፋፍ ላይ ቦታ ሲያስተካክሉ ሳይፈልጉ ወደ ታች ይወረውርዎታል።

ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ የስኪል ረድፎቹን ከቅርጾቹ መሀል 3 በ4 የሚለውን መርጠው እንደ ማውዙ ያድርጓቸው። የመራመጃው ዓይነት ሁለት ነው፦ ስታንዳርድና ሌጋሲ። በሌጋሲ ወደ ኋላ ሲጫኑ ካራክተሩ ፊቱን አዙሮ በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል፤ ማፈግፈግ ለሚያዘወትር ሰው ይህ ይመቸዋል። የስኪሎቹ መጠበቂያ 2.5 ሰከንድ አካባቢ ስለሆነም ለጀማሪ እጅ ማለማመጃ ይሆናል።

ማለማመድ

በመጀመሪያው ቀን መራመጃውን ብቻ። ከተማ ውስጥ በማውዝ እየዞሩ፣ በጎን እየሄዱ፣ እየዘለሉ 20 ደቂቃ ያህል ይሩጡ። በሁለተኛው ቀን ስቶርምዊንድ ወይም ኦርግሪማር ያሉት የመለማመጃ አሻንጉሊቶች ጋ ይሂዱና 4 ማጥቂያና ማቋረጫውን ብቻ ይጠቀሙ፤ ቆመው ሳይሆን አሻንጉሊቱን እየዞሩ። ሳያዩ መጫን ሲጀምሩ ሌላ 3 ወይም 4 ይጨምሩ። 36ቱንም በአንድ ምሽት መድቦ ወደ ቡድን ውጊያ የሚገባ ሰው ሁለት ቀን ይታገልና ወደ ክሊክ ይመለሳል፤ ዕቃውም ሣጥኑ ውስጥ ይገባል።

አያያዙ ላይ ደግሞ፦ አውራ ጣት ሥራ ስላገኘ ማውዙን የሚይዙት የቀለበትና የትንሿ ጣት ናቸው። በአውራ ጣት ጨምቀው ከያዙት ሳይፈልጉ ቁልፍ ይጫናል፣ ሲጫኑም ቀስቱ ይንሸራተታል። የግራ አንጓ በኪፓዱ ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ወደ ውጭ ከታጠፈ ኪፓዱን ራሱን ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘንብሉት። የአውራ ጣት ሥር መቆጥቆጥ ከጀመረ ማጥቂያዎቹን ግማሹን ወደ ግራ እጅ ያሻግሩ።

ሲበላሽ

አንድ ስኪል አንዴ ተነክቶ ሁለት ጊዜ ከተላከ የቁልፉ ውስጣዊ ማብሪያ አርጅቷል፤ ሌላ ቁልፍ ላይ ቀይረው ማረጋገጥ ይቻላል። ርካሽ ኪቦርድ ላይ «ደብልዩ»፣ ሺፍትና «ኪው» አብረው ሲያዙ ቁጥር 3 የማይሠራ ከሆነ የኪቦርዱ ሽቦ አሠራር ነው፤ ቁልፎቹ መስመር ስለሚጋሩ የተወሰኑ ቅንብሮችን አይለይም። ኖትፓድ ከፍተው ሦስቱን ይዘው አራተኛውን በመጫን ይፈትሹ፤ የማይወጣ ከሆነ ሶፍትዌር አያድነውም፣ ስኪሉን ወደ ማውዙ ያዛውሩት።

የማውዙ ፕሮግራም ዴስክቶፕ ላይ እየሠራ ጨዋታው ውስጥ ዝም ካለ ጨዋታው በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ተከፍቶ ይሆናል፤ ፕሮግራሙንም በዚያው ፈቃድ ይክፈቱት። ጨዋታው እንደገና ከተጫነ በኋላ ፕሮፋይሉ (ለጨዋታው የተቀመጠው የቁልፍ ምደባ) በራሱ የማይቀየር ከሆነ ሶፍትዌሩ የድሮውን ፎልደር እየጠበቀ ነው፤ አዲሱን ያሳዩት።

ፒንግ (ከሰርቨሩ ምላሽ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ) ከፍ የሚልባቸው ተጫዋቾች፣ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ ሰርቨር የሚገቡትም፣ ቁልፉ የማይታዘዝ ይመስላቸዋል። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ቀጣዩን ስኪል እስከ 400 ሚሊሰከንድ ቀደም ብሎ ይቀበላል፤ ይህን ቁጥር ዝቅ አድርጉ የሚል ምክር ፒንጉ ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ነው፣ እርስዎ አይንኩት። የመጀመሪያው ስኪል ሳያልቅ ቀጣዩን ይጫኑ፤ በኦፕሽኑም ቁልፍ ሲወርድ እንጂ ሲለቀቅ እንዳይተኩስ ያረጋግጡ።

ኢንተርኔት ካፌ ወይም ጓደኛ ቤት የሚጫወቱ ከሆነ በራሱ ውስጥ ማስታወሻ ያለው ማውዝ ይምረጡ፤ ጂ600 ሦስት ፕሮፋይል በውስጡ ይይዛል፣ ሶፍትዌር በሌለበት ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የቁልፍ ምደባው ሰርቨሩ ላይ ስለሚቀመጥ ሲገቡ ይከተልዎታል። ሁለት ባላ ትከል እንዲሉ ግን የጨዋታው ፎልደር ውስጥ ያለውን «ደብልዩ-ቲ-ኤፍ» የተባለ ፎልደር በፍላሽ ይቅዱ፤ የማውዙንና የኪፓዱን ፕሮፋይልም ከሶፍትዌራቸው ኤክስፖርት አድርገው እዚያው ላይ ያስቀምጡት።